ያጠረ ሱሪ እንዴት ይረዝማል፣ የድሮው መስመርስ እንዴት ይጠፋል

ልጆች ክረምቱን ተመዘው ይወጣሉ፣ መስከረም ላይ የአምናው ዩኒፎርም ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሱሪውን ገልብጡና እግሩ ጋ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ በሜትር ለኩት። 4 ሴንቲ ሜትር ካለ 1ዱን ለአዲሱ እጥፋት ትታችሁ 3 ታገኛላችሁ፣ ለልጅ 3 ሴንቲ ብዙ ነው።

መፍታቱ ቀላል ነው፣ ክሩን በየሶስት አራት ስፌቱ እየበጠሱ መሳብ ነው። ብዙ ሰው በምላጭ ይፈታዋል፣ እኔ ግን አልወደውም፣ አንዴ ከሳተ ጨርቁን ይበላዋል፣ ያ ቦታ ደግሞ አሁን ወደ ውጪ የሚወጣው ነው። ጫፏ ሹል የሆነች ትንሽ መቀስ ትሻላለች።

ጣጣው መስመሩ ላይ ነው። መስመር የምንለው ሶስት ነገር ተደራርቦ ነው፣ እጥፋቱ፣ እጥፋቱ ውስጥ የተከማቸው አቧራ፣ እና ጠርዙ ሲፈተግ የለቀቀው ቀለም። መጀመሪያ አቧራውን በደረቁ በጥርስ ብሩሽ ጠራርጉት፣ ከዛ በሳሙና እጠቡት። ሳይታጠብ ካውያ እንዳታስነኩት፣ ሙቀቱ ቆሻሻውን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። የወንድሜን ግራጫ ሱሪ ያስረዘመለት ልብስ ሰፊ ሳያጥብ ተኩሶ ሰጠው፣ እግሩን የዞረው ጥቁር ቀለበት እስካሁን አልለቀቀም።

ሲደርቅ ወደ እጥፋቱ። ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት፣ ቀለም የሚለቅ ጨርቅ አለ። ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ በደንብ ጨምቁት፣ ሱሪው እንደተገለበጠ መስመሩ ላይ አንጥፉትና በካውያው ሳትገፉ ከላይ ብቻ ተጫኑ፣ ወደ 10 ሰከንድ፣ አንስታችሁ ቀጣዩን ቦታ። ሲጨርስ ሳይቀዘቅዝ እንዳታነሱት! ትኩስ እያለ ከተንቀሳቀሰ እጥፋቱ ይመለሳል፣ ከባድ መፅሀፍ ጫኑበትና ተዉት። ሱፍ ቶሎ እሺ ይላል። ፖሊስተር ያለበት የዩኒፎርም ጨርቅ ነው አስቸጋሪው፣ ካውያው ከመካከለኛ ካለፈ ጨርቁ ያብለጨልጫል፣ ያ ደግሞ አይለቅም፣ ስለዚህ ሙቀት ከመጨመር ሁለት ሶስቴ መድገም ይሻላል።

የለቀቀ ቀለምን ግን አቼቶም ካውያም አይመልሰውም። ጂንስ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው። በስክሪፕቶ ወይ በማርከር የሚቀቡ አሉ፣ ሲታጠብ መልኩን ይቀይራል፣ ተዉት። እዛው መስመር ላይ የጂንሱን ስፌት በሚመስል ክር በማሽን ዙሪያውን ስፉበት፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ይመስላል፣ ንፁህ መፍትሄ ይሄ ነው።

ከመስፋታችሁ በፊት ልጁ ጫማውን አድርጎ ይልበሰው፣ ቁመቱን በስፒል ያዙ። በእጅ ስትሰፉ መርፌዋ ከውጪው ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ታንሳ፣ ከዛ በላይ ከወጋች ከውጪ ይታያል። 3 ሴንቲውም ካነሰ ደግሞ ቀለሙ የሚመሳሰል ስስ ገበር 5 ሴንቲ ስፋት ቆርጣችሁ፣ የውጪ ፊቱን ከሱሪው የውጪ ፊት ጋር ገጥማችሁ ጫፉ ላይ ግማሽ ሴንቲ ይዛችሁ ስፉትና ወደ ውስጥ ገልብጡት፣ ከ4ቱ ሴንቲ 3 ተኩሉን ታገኛላችሁ። የገበሩን የላይኛውን ጠርዝ ማጠፍ እንዳትረሱ፣ ይተረተራል።

ልጁ ገና የሚያድግ ከሆነና ጨርቅ ከተረፈ አዲሱን እጥፋት በካውያ አታጥብቁት፣ በእጅ አለስልሱትና ተዉት፣ ለከርሞ ስትፈቱት መስመሩ ያን ያህል አያስቸግርም።