ነጭ መስመር የሚጥለው ፕሪንተር

ቀለሙ በታንክ የሚሞላው ፕሪንተሬ ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆየ በኋላ ፎቶግራፎችን በነጫጭ አግዳሚ መስመሮች እየከፋፈለ፣ የሰውን ፊት ወደ አረንጓዴ እያደላ ማተም ጀመረ። ቀለም ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ከጥገና ዝርዝሩ ውስጥ የኖዝል (ቀለም የሚረጭባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች) መፈተሻ ገጹን አሳተምኩ። ይህች ገጽ ብዙ ግምት ታስቀራለች። ጥቁሩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው ሙሉ ናቸው፤ ማጀንታው (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ) ግን ተቆራርጧል። ማጀንታ ሲጎድል ሰማያዊና ቢጫ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ አረንጓዴው ፊት የመጣው ከዚህ ነው።

የማጽጃውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ትንሽ ተሻለ። ስደግመው ክፍተቶቹ ቦታ ቀየሩ። ፍንጩ ይኸው ነበር፦ የደረቀ ቀለም የሚዘጋው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ወደ ቀለሙ መስመር የገባ አየር ግን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ማጽዳቱን አቆምኩ። እያንዳንዱ ጽዳት ውድ ቀለም ወደ ውስጠኛው ስፖንጅ ያፈሳል፤ ስፖንጁ ሲሞላ ደግሞ ማሽኑ ማተም እምቢ ይላል። አየሩ እንዲረጋ አጥፍቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት አንድ ጊዜ ሳጸዳው መፈተሻ ገጹ ያለ ክፍተት ወጣ።

ፎቶው ላይ የቀረው ስስ ሰንበር የጠፋው የወረቀቱን ዓይነት ከተራ ወደ ፎቶ ወረቀት ስቀይር ነው።

መብራት በኅትመት መካከል ከሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ ፕሪንተሩን አብርታችሁ በራሱ ቁልፍ አጥፉት። ያኔ ቀለም የሚረጨው ክፍል ወደ ማረፊያው ተመልሶ ይከደናል፤ ክፍቱን ከቆየ ይደርቃል።