ለጠፈርተኞች ረዳት የሚሆን ሰው መሰል ሮቦት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሮቦቱ የሠራበትን ደቂቃ ብቻ መቁጠር። በጠፈር ጣቢያ ከሁሉ ውዱ ነገር የጠፈርተኛው ሰዓት ነው። ሮቦቱን ከማስቀመጫው አውጥቶ ለማሰር፣ ለማስተካከልና መልሶ ለመክተት 2 ሰዓት ከፈጀ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ቢያቃልል ኪሳራ ነው። ሁሉንም ደምሩ።

እግርን ለመራመጃ መሥራት። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ወለሉን የረገጠ እግር ሰውነቱን ወደ ጣሪያው ይገፋዋል። እዚያ እግር ማለት ተጨማሪ እጅ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በጠፈር ጣቢያ ለነበረው የናሳ ሰው መሰል ሮቦት፣ ለሮቦኖት 2፣ የተላኩት እግሮች እያንዳንዳቸው 7 መገጣጠሚያ ነበራቸው፤ ጫፋቸው ላይም መርገጫ ሳይሆን የግድግዳ መያዣዎችን የሚጨብጥ መቆንጠጫ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ ጣቢያው የሄደው የሩሲያው ሮቦት ፊዶር ግን በምድር እንዲራመድ የተሠራ ነበር፤ ረጃጅም እግሮቹ ለጠፈር ሥራ እንደማያስፈልጉ የፕሮጀክቱ ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል።

ሳይታሰሩ መሣሪያ ማንሳት። ብሎን ሲፈታ ወገቡ ያልታሰረ ሮቦት ብሎኑን ትቶ እሱ ራሱ ይዞራል። ስለዚህ መቆንጠጫው መጨበጡን ሴንሰር ሳያረጋግጥ ክንዱ መንቀሳቀስ የለበትም። ክብደቱ ቢጠፋም ግዝፈቱ (የቁስ መጠኑ) አብሮት አለ፦ 150 ኪሎ የሚሆን አካል በዝግታ ተንሳፍፎ ቢመጣም ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል። የክንዱን ፍጥነትና ጉልበት ገድቡ፤ ያልታሰበ ንክኪ ሲሰማውም ወዲያው ይቁም።

በማብሪያ ማጥፊያ ብቻ መፈተን። ቁልፍ መጫን ቀላሉ ነው። የሚፈትነው ጨርቅ፣ ዚፕና ከረጢት ነው፤ ቅርጻቸው ይለዋወጣል፣ ይንሳፈፋሉ፣ ካሜራውም ጠርዛቸውን ይስታል። በእያንዳንዱ የሮቦኖት 2 እጅ ላይ 12 የእንቅስቃሴ አቅጣጫ የተሰጠው ለሰው እጅ የተሠሩ መሣሪያዎችን እንዲይዝ ነው፤ ልምምዱም በእነዚያው ይሁን።

አዲስ ክፍል ሲጨመር የኤሌክትሪኩን መስመር እንደገና አለመፈተሽ። ይህ ሊናቅ የማይገባው ነው። ሮቦኖት 2 እግር ከተገጠመለት በኋላ መታመም ጀመረ። ፍሰቱ የሚመለስበት አንድ ኬብል ስለጎደለ ኤሌክትሪኩ ባልታሰበ መንገድ እያለፈ ዕቃዎቹን ቀስ በቀስ ጎዳ፤ ሮቦቱም በ2018 እ.ኤ.አ. ለጥገና ወደ ምድር ተመለሰ። ከገጠማ በኋላ እያንዳንዱን የመመለሻ መስመር በመለኪያ ፈትሹ። የሚበላሹ ክፍሎችም ጠፈርተኛ በተራ መፍቻ ሊደርስባቸው በሚችልበት ቦታ ይቀመጡ።

ሙቀትን ለአየሩ መተው። ክብደት በሌለበት ትኩስ አየር ወደ ላይ አይወጣም፤ ሞተሩን ከቦ ይቆያል። ማራገቢያ ወይም ሙቀቱን የሚወስድ ብረት ያስፈልጋል። ውጭ፣ አየር በሌለበት፣ ማራገቢያውም ዋጋ የለውም።

የርቀትን መዘግየት መርሳት። ትእዛዝ ጨረቃ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ገደማ፣ ማርስ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። በማርስ ላይ ያለን ክንድ ከምድር ሆኖ በእጅ መንዳት አይቻልም። «ቫልቩን ዝጋ» የሚል ሙሉ ሥራ ይሰጠው፤ ሲጠራጠር የሚቆምበት ነጥብም አስቀድሞ ይወሰንለት።