ብዙ ኤልኢዲ አንድ ላይ ሲያገናኙ የሚሠሩ ስህተቶች

100 ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲዎችን አንድ ሰሌዳ ላይ ሊደረድሩ ነው እንበል። እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት አካባቢና 300 ሚሊ አምፔር ይፈልጋሉ። 10ሩን በሲሪዝ ቢያስከትሏቸው 32 ቮልት ይሆናል። እንዲህ ያሉ 10 መስመሮች ፓራለል (ጎን ለጎን) ሲሆኑ 3 አምፔር ይወስዳሉ። እስከዚህ ሒሳቡ ልክ ነው።

አንዱ ስህተት ድራይቨርን፣ ማለትም ለኤልኢዲ የተመጠነ ከረንት የሚሰጠውን መሣሪያ፣ በዋቱ ብቻ መግዛት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ከረንቱ 3 አምፔር፣ ቮልቱ ደግሞ ለምሳሌ ከ24 እስከ 40 መሆን አለበት። ለስትሪፕ (ለሪባን መሰሉ ኤልኢዲ) የሚሸጠው የ12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ እዚህ አይሆንም፤ ቮልቱን እንጂ ከረንቱን አይጠብቅም።

ብዙ ሰሌዳ የሚያቃጥለው ግን 10ሩንም መስመር በቀጥታ አንድ ድራይቨር ላይ ማሰር ነው። ድራይቨሩ የሚቆጣጠረው ድምሩን ብቻ ነው፤ ለየትኛው መስመር ስንት እንደደረሰ አያውቅም። ኤልኢዲዎች ደግሞ ከአንድ ካርቶን ቢወጡም ቮልታቸው ትንሽ ይለያያል። ቮልቱ ዝቅ ያለው መስመር ብዙ ከረንት ይስባል፤ ይሞቃል። ሲሞቅ ቮልቱ ይብስ ይወርዳል፤ ጭራሽ ይስባል። አንዷ ኤልኢዲ ተቃጥላ ስትቆረጥ መስመሩ በሙሉ ይጠፋና ድርሻው ለቀሩት 9 ይከፋፈላል። 300 የነበረው 333 ይሆናል። ሁለተኛው ሲሄድ 375። ከዚያ ተከታትለው ያልቃሉ።

እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን የ300 ሚሊ አምፔር ድራይቨር ነው። ወጪው ይጨምራል፤ ግን አንዱ ሌላውን ይዞ አይጠፋም። አቅም ካልፈቀደ በየመስመሩ ከረንቱን የሚገታ 3.3 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ያስገቡ። ሰሌዳው በደንብ ከሞቀ በኋላ መልቲሜትሩን በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያድርጉ። 1 ቮልት አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። 1.3 ካለ ያ መስመር 400 ሚሊ አምፔር ገደማ እየወሰደ ነው።

አንዱን መስመር 9፣ ሌላውን 10 ማድረግም አይሆንም፤ ባለ 9ኙ ከረንቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። ከፓራለል ለመሸሽ 100ውንም በሲሪዝ ማሰር ደግሞ 320 ቮልት ያመጣል፤ ይህ ሰው ይገድላል።

ድራይቨሩ ሶኬት ላይ እያለ ኤልኢዲ አያገናኙ። ባዶውን ሲሠራ ካፓሲተሩ ውስጥ ከፍ ያለ ቮልት ይጠራቀማል፤ ልክ ሲነካ ኤልኢዲውን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ያገናኙ፣ ከዚያ ይሰኩ። ርካሽ ድራይቨሮች ላይ ደግሞ የኤልኢዲው ሽቦ ከ220 ቮልቱ ያልተነጠለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራቱ እየሠራ ሰሌዳውን በባዶ እጅ አይንኩ።