አሮጌ የናፍታ መኪና በደጋ ማለዳ አልነሳ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ጮቄ ሥር ያደረ አሮጌ ሃይሉክስ፣ ዶልፊን ወይም ላንድክሩዘር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እምቢ ሲል ሁሉም ሰው «ካንዴላው ተቃጥሏል» ይላል፤ ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን የሚያሞቀውን ካንዴላ ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ካንዴላ ተገዝቶ ከተቀየረ በኋላ ጥፋቱ የባትሪ ክላምፕ (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያስረው ማሰሪያ) ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ብር ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሰው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ያዙር፣ እርስዎ ከኋላ ቆመው ጭሱን ይመልከቱ።

የናፍታ ሞተር ብልጭታ የለውም። እነ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል እና 1ኤችዜድ የሚባሉት የቶዮታ ሞተሮች አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ አምቀው በራሱ ግለት ናፍታውን ያቀጣጥላሉ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲቀዘቅዝ ግለቱን ይነጥቀዋል፤ ማሞቂያ ካንዴላ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር አገሮች ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ደጀን ላይ አድሮ የሚያስቸግር መኪና ቆላው አባይ ድልድይ ላይ ቢያድር ኖሮ ያለ ብዙ ችግር ሊነሳ ይችል ነበር።

ሞተሪኖው ዘገምተኛ ነው፣ «እህ… እህ» ይላል

ካንዴላውን ይርሱት። ያደረ ባትሪ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ላይ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ መስመሩ ይጠባል። ክላምፑን ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፤ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድም እንዲሁ፣ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው። ዘይቱም ይታይ፦ 20 ደብልዩ 50 ለውርጭ ጠዋት ወፍራም ነው፣ 15 ደብልዩ 40 ሞተሩን ያቀልለዋል።

በደንብ ይዞራል፣ ጭስ ግን ጠብ አይልም

ናፍታ አልደረሰም ማለት ነው። ፊልትሮው (የናፍታ ማጣሪያው) አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ይጫኑ። ከዚያ ወዲያው ከተነሳ ሌሊቱን አየር ገብቶ ናፍታው ወደ ታንኩ ተመልሷል፦ የጎማ ቱቦዎችን፣ የፊልትሮውን ጎሚኒና የእጅ ፓምፕዋን ይፈትሹ። ፖምፓው (ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) መግቢያ ላይ ግልጽ ቱቦ ለጊዜው ቢያስገቡ አረፋው ይታያል። አየር ከሌለ፣ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍታ ማቆሚያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ) ይዩ፤ ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ካላለ ወይ መብራት አልደረሰውም ወይ ሞቷል።

በደንብ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አይነሳም

ናፍታው ደርሷል፣ አልተቀጣጠለም። የካንዴላ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ በአንዴ የሚነሳ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ተነስቶ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ የሞተው አንድ ወይም ሁለት ካንዴላ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መብራት አትመኑ። መብራቱ የሚበራው በሰዓት ቆጣሪ ነው፣ ካንዴላ ይጋል አይጋል አያውቅም። ቁልፉን ከፍተው የቴስተሩን አንድ እግር ካንዴላዎቹን በሚያያይዘው ብረት፣ ሌላውን ማሳ ላይ ያድርጉ። ምንም ከሌለ ትልቁን ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን ወደ ካንዴላዎቹ የሚያስተላልፈውን ማብሪያ) ይዩ። ሪሌው «ቀጭ» ብሎ 12 ገብቶ 9 ከወጣ የውስጥ ንክኪው ተቃጥሏል፣ ይቀየር። በአንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቮልቴጁ ወደ ግማሽ መውረዱ አሠራሩ ነው፤ በሬዚስተር በኩል ማሞቁን ይቀጥላል።

ኤሌክትሪኩ በትክክል ከደረሰ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ። አያያዡ ብረት መነሳት አለበት፣ አለዚያ አንዱ ጤነኛ ሌላውን ይሸፍናል። የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አስረው አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ካንዴላው አናት ላይ ይንኩ። ካልበራ ተበጥሷል። በኦም ከለኩ ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኦም በታች ነው።

ሲፈቱ ሞተሩ ሞቅ ያለ ይሁን። ጥርሱ ላይ ማታ የዝገት ማላቀቂያ ያፍስሱ፣ ሲጠነክርብዎ ወዲያ ወዲህ እያሉ ያላሉ እንጂ በጉልበት አይጎትቱ፦ ጫፉ ያበጠ ካንዴላ ተሰብሮ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ቴስታታ ማውረድ ነው። የወጣውን ጫፍ በደንብ ይመልከቱ። ያበጠ ወይም የቀለጠ ከሆነ ሪሌው ተጣብቆ አልቆረጠም፣ ወይም ኢንጀክተሩ ናፍታ ያንጠባጥባል፤ ይህ ሳይስተካከል የገባ አዲስ ካንዴላ ብዙ አይቆይም።

ከመግዛትዎ በፊት አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። ባለ 6፣ ባለ 12 እና ለ24 ቮልት መኪና የተሠሩ አሉ፤ መልካቸውም ጥርሳቸውም ይመሳሰላል። ባለ 6ቱ በቀጥታ 12 ቮልት ላይ ከገባ ወዲያው ይቃጠላል፣ በተቃራኒው ከሆነ አይግልም። ሲያስሩ ለባለ 10 ሚሊ ጥርስ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል።

በሚጫን በተን ካንዴላውን በቀጥታ የሚያስሩ አሉ። አራቱ አንድ ላይ ከ40 አምፔር በላይ ስለሚስቡ በተኑ ሪሌ እንጂ ካንዴላ መንዳት የለበትም፤ በቀጭን የሬዲዮ ሽቦ የተሠራው እሳት ያስነሳል። ከ20 ሰከንድ በላይም አይጫኑ።

ካንዴላው ሁሉ ደህና፣ ነጩ ጭስ ግን አለ

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል። የማንዋሉ አኃዝ በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሞተር ይውረድ የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ፦ አንዱ ከሌሎቹ ከ5 ባር በላይ ከወረደ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም ቫልቭ ችግር አለበት፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ የፖምፓው ታይሚንግ (ናፍታ የሚረጭበት ጊዜ) ዘግይቶ ይሆናል።

ኢተር (የሞተር ማስነሻ ስፕሬይ) መርጨት ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ አይሞከር፦ የጋለ ካንዴላ ጋር ሲገናኝ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል፣ ፋሻ ይሰብራል፣ ቢዬላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል። ከዘይት ቋቱ ሥር ከሰል ማንደድም እንዲሁ፤ የናፍታ ቱቦው እዚያው ነው ያለው።