የጓሮ አፕል መቼ ይለቀማል?

ፒያሳም ይሁን ካዛንቺስ፣ ግቢ ውስጥ ያለ የአፕል ዛፍ ባለቤቱን የሚያሳስተው በቀይነቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ቀን ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ይህ ልጣጩን ቀድሞ ያቀላዋል፤ ውስጡ ግን ገና ስታርች ነው፣ ወደ ስኳር አልተለወጠም። በዚህ ጊዜ የተለቀመ ፍሬ አፍ ይይዛል፣ ጥሬ ድንች ጥሬ ድንች ይላል። ቤት ውስጥ ቢያቆዩትም ይጨማደዳል እንጂ አይጣፍጥም።

ስለዚህ ቀዩን ትተው ከሥሩ ያለውን መደብ፣ ማለትም የልጣጩን መነሻ ቀለም፣ ይዩ። ፍሬውን ሳይቆርጡ ዞር አድርገው ፀሐይ ያላገኘውን ጎኑንና ጭራው የገባበትን ጎድጓዳ ይመልከቱ። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም። ፈዝዞ ወደ ቢጫ ካደላ ደርሷል፣ ወይም ሊደርስ ነው። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው ዝርያ ግን ደርሶም አረንጓዴ ነው፤ ከእሱ የሚጠበቀው ነጣ ማለት ብቻ ስለሆነ ቆርጦ ማየት ግድ ይላል።

የቀን ቆጠራ የሚጠቅመው ምርመራ መቼ እንደሚጀመር ለማወቅ ነው። አበባው በብዛት ከፈነዳበት ቀን አንሥቶ አና የተባለው ዝርያ 100 ቀን ገደማ፣ ጎልደን ዴሊሸስ 4 ወር ተኩል ገደማ፣ ግራኒ ስሚዝ 5 ወር ተኩል ገደማ ሲሆናቸው መፈተሽ ይጀምሩ። ችግኝ ሲገዙ ዝርያውን ጠይቀው መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ችግር አለ፤ የከተማችን ብርድ ዛፉን በአንድ ጊዜ አያስተኛውም። አበባው ተንጠባጥቦ ይወጣል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ፍሬ ይዞ ሌላው ገና ያብባል። ቀድሞ ያበበው ቅርንጫፍ ላይ ባለቀለም ክር አስረው ለብቻው ይቁጠሩት።

መደቡ መፍዘዝ ሲጀምር ከፀሐይ በኩል አንድ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ፍሬ ወስደው በወገቡ አግድም ይቁረጡ። ነጭ ዘር ማለት ገና ማለት ነው፤ ቡናማ ከሆነ ተቃርቧል። እንደ አና ያሉት ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ግን ዘራቸው በደንብ ሳይጠቁር ሊበስሉ ይችላሉ፤ በእነሱ ላይ ዘሩን ብቻ አይመኑ።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው አዮዲን ነው። ከፋርማሲ የሚገዛውን ቤታዲን በእኩል ውሃ አቅጥነው የተቆረጠውን ፊት ይቀቡና 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ስታርች ያለበት ቦታ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስኳር የሆነው አይጠቁርም። ስታርቹ የሚያልቀው ከመሃል ወደ ዳር ነው። ፊቱ በሙሉ ከጠቆረ ከሳምንት በኋላ ሌላ ፍሬ ይሞክሩ። መሃሉ ነጥቶ ዳሩ ብቻ ከጠቆረ ለማቆየት የሚለቀመው አሁን ነው። ሁሉም ከነጣ ዛሬውኑ ለቅመው ይብሉት፤ አይቆይም። በተለይ አና አንዴ ካለፈ ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል፣ እሱን የሚመልሰው የለም። አዮዲን የነካው ፍሬ አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

ሥር የወደቀ ፍሬ ካገኙ መጀመሪያ ሰንጥቀው ይዩት። ትል የገባበት ቀድሞ ስለሚቀላና ስለሚረግፍ የመድረስ ምልክት አይደለም። ጤነኛው መውደቅ ከጀመረ ግን ዘግይተዋል። ወፍም አትመኑ፣ ጥሬውንም ትጠቀጥቃለች።

ለቀማው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ጤዛው ሲደርቅ ይሁን፤ በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እርጥብ ፍሬ ደግሞ ይሻግታል። ፍሬውን በመዳፍ ይዘው ወደ ላይ ቀና፣ ከዚያ ዞር ያድርጉት። የደረሰ ከሆነ ከነጭራው ይለቃል። እምቢ ካለ ይተዉት፤ ጎትተው ከነቀሉት ፍሬው ያለበት አጭር ቅርንጫፍ አብሮ ይገነጠላል፣ የሚቀጥለው አበባም የሚወጣው ከእሱ ላይ ነው። ዛፉን ማራገፍ ጨርሶ አይገባም፤ ወድቆ የተጋጨ ፍሬ በውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከላይና ከዳር ያሉት ፀሐይ ስላገኙ ይቀድማሉ። እነሱን ለቅመው የውስጦቹን ከ5 እስከ 7 ቀን ይጠብቋቸው፤ ዛፉን በአንድ ቀን አራግፎ መጨረስ ግማሹን ጥሬ መልቀም ነው።

የሚቆየውን ሳያጥቡ፣ የተጋጨውን ለይተው፣ በተበሳ ፌስታል ፍሪጅ ታች ያስቀምጡ። ፍሪጅ ከሌለ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ካርቶን ውስጥ በአንድ ረድፍ፣ እንዳይነካኩ በጋዜጣ ጠቅልለው ይደርድሩ። አፕል የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለ አቮካዶን ያበስላል፣ ካሮትንም ያመርራል። ሳይደርስ የወረደውን ደህና ፍሬ አይጣሉት፤ ጥሬ አፕል ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን በብዛት ስላለው፣ ከበሰለው ጋር ቀላቅለው ያብስሉት።