ረጃጅም የእንግሊዝኛ ስሞችን ስንከፋፍል የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሀ ሁ ሂ» ብሎ ላደገ ሰው ተነባቢና አናባቢ በአንድ ፊደል ተሰፍተው ነው የሚመጡት። የላቲን ፊደል እንዲህ አይደለም፤ አብዛኛው ስህተታችንም ከዚህ ይነሳል።

ፊደል ቆጥሮ ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚጠራውን የቃል ክፍል) መገመት ዋናው ነው። ስትሬንግትስ የሚለው ስም በላቲን 9 ፊደላት አሉት፤ አናባቢው አንድ ስለሆነ ቀለሙም 1 ብቻ ነው። እኛ ከፊቱ «እ» ጨምረን፣ መሀሉንም በሳድስ አላልተን ሦስት አራት እናደርገዋለን፤ «እስኩል» እንደምንለው ማለት ነው። ማኔጅመንት በአንጻሩ 4 የአናባቢ ፊደላት ተጽፈውበት ቀለሙ 3 ነው፦ ማ-ኔጅ-መንት። ዳኛው ጆሮ ነው።

ሁለተኛው፣ የተደገመ ፊደል ሲያዩ ማጥበቅ። ለእኛ ጥብቀት ትርጉም ይለውጣል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ነው። ኮሚቲ ውስጥ ኤምም ቲም ተደግመው ቢጻፉም አይጠብቁም።

ሦስተኛው ላይ መምህራንም ሲሳሳቱ ሰምቻለሁ፤ ቀለምንና የቃሉን አወቃቀር አንድ አድርጎ ማየት። ሄሊኮፕተርን አፋችን ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር ብሎ ይከፍለዋል። በአመጣጡ ግን ሁለት የግሪክ ቃላት ናቸው፦ ሄሊኮ (ጥምዝ) እና ፕተር (ክንፍ)። ስፌቱ ያለው «ኮ» እና «ፕ» መካከል ነው! ኢንተርናሽናላይዜሽንም 8 ቀለም አለው፦ ኢን-ተር-ና-ሽ-ና-ላይ-ዜ-ሽን። ባዕድ መነሻውንና ባዕድ መድረሻዎቹን ብትገፉለት የሚቀረው ኔሽን ነው፤ «ኔ» ወደ «ና» መለወጡን ልብ በሉ። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ታክቷቸው ዳርና ዳር ያሉትን አይና ኤን እንዳሉ ትተው መሀሉን «18» ብለው ይጽፉታል፤ የተዘለሉት ፊደላት ቁጥር ነው።

የድምፅ ጫናውን ሁሉም ቀለም ላይ እኩል ማሳረፍም አለ። በ«ሽን» የሚያልቅ ስም ከ«ሽን» በፊት ያለውን ቀለም ይጫናል፦ ኢንፎርሜሽን ላይ «ሜ»ን። በ«ኢቲ» የሚያልቅ ደግሞ ከመጨረሻው ሦስተኛውን፤ ሪስፖንሲቢሊቲ ላይ «ቢ»ን።

መስመር ሲያልቅ ቃሉን የትም መቁረጥ የመጨረሻው ነው። ስትሬንግትስን የመሰለ ባለ አንድ ቀለም ቃል ጭራሽ አይቆረጥም። ኖሌጅን እንግሊዞች በልማድ ከደብሊው በኋላ ሲቆርጡት አሜሪካኖች ኤልን ጨምረው ይቆርጡታል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም፤ የቃሉን መጨረሻ ሁለት ነጥብ ስለሚያሳይ መስመሩ ባለቀበት ቆርጠው ይቀጥሉ ነበር።