«ግሪዝቢ»ን ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፈረንሳዊው ዳይሬክተር የዣክ ቤከር «ቱሼ ፓ ኦ ግሪዝቢ» እ.ኤ.አ. በ1954 ለእይታ የበቃ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ርዕሱ «የተዘረፈውን ሀብት እንዳትነኩ» እንደ ማለት ነው። ከፈረንሳይ የወሮበላ ፊልሞች ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ብዙ ሰው ግን አይቶት ሲጨርስ «ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?» ይላል። ፊልሙ እንከን አለበት፤ ከታች እደርስበታለሁ። ይሁንና አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከአተያያችን ስህተት ነው። የታሪኩን መጨረሻም ስለማነሳ ያላያችሁት አስቀድማችሁ እዩት።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ዘረፋውን መጠበቅ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ዘረፋው አልቋል። ከኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ስምንት ጥፍጥፍ ወርቅ፣ በድምሩ 96 ኪሎ፣ ሃምሳ ሚሊዮን ፍራንክ የሚያወጣ፣ ተሰርቋል፤ እኛ ወሬውን የምንሰማው ከጋዜጣ ነው። ወርቁን የደበቀው ማክስ ነው፤ ዣን ጋባን ይጫወተዋል። ካዝና ሲሰበር ማየት የፈለገ በዓመቱ በ1955 የወጣውን የጁልስ ዳሲንን «ሪፊፊ» ይመልከት፤ እዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያለ ንግግርና ያለ ሙዚቃ የሚካሄድ ዘረፋ አለ። ቤከርን ያስጨነቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወርቁ እጅ ከገባ በኋላ ሰው እንዴት አድርጎ ይይዘዋል? ማክስ ሥራው ሰልችቶታል፤ በዚህ ወርቅ ሊያርፍ አስቧል። የሃያ ዓመት ወዳጁ ሪቶን ግን ምስጢሩን ለጆዚ፣ በምሽት ክበብ ለምትጨፍር ወጣት ውሽማው፣ ይነግራታል። ጆዚ ተቀናቃኝ ወሮበላ ለሆነው ለአንጄሎ ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የአንድ አፍ መላላት ውጤት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የእራቱን ትዕይንት እንደ ማረፊያ ቆጥሮ ስልክ መነካካት ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ፊልሙ ያለው እዚያ ነው። የአንጄሎ ሰዎች ሊይዙት ሲሞክሩ ያመለጠው ማክስ፣ ሪቶንን ማንም ወደማያውቀው መኖሪያው ይዞት ይሄዳል። ቁም ሣጥን ይከፍታል፤ ደረቅ ጥብስ ዳቦ፣ ለመቀባት የተዘጋጀ የሥጋ ፓቴና አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ያወጣል። ሁለቱ ሽማግሌ ወሮበሎች ተቀምጠው ዳቦ ይቀባሉ፤ ሲቆረጥሙት ድምፁ ይሰማል። ማክስ እዚያው ማዕድ ላይ ለወዳጁ እውነቱን ይነግረዋል፤ ልጅቷ ወደ ሌላ ሰው ሄዳለች፣ እኛም አርጅተናል፣ የዓይንህን ሥር ተመልከት። ከዚያ አንሶላ፣ ፒጃማና የጥርስ ብሩሽ ይሰጠዋል። ሁለቱም በየተራ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ። ሪቶን ብቻውን ሲቀር መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን በእጁ ይዳስሳል፤ የተባለው እውነት መሆኑን ራሱ ያያል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥይት አይተኮስም። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን በአንድ ደቂቃ ያልፈው ነበር። ቤከር ግን ካሜራውን አስቀምጦ ይጠብቃል፣ እኛም አብረን እንጠብቃለን። በኋላ ሪቶን ተይዞ ወርቁ ቤዛ ሆኖ ሲጠየቅ፣ ማክስ ለብቻው ስለዚህ ሰው ጅልነት ያጉረመርማል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት ጣጣ እንዳመጣበት ያስታውሳል። ወርቁን እንደሚሰጥ ግን አንጠራጠርም። እንዲያ እርግጠኛ ያደረገን ያ እራት ነው። እራቱን ያልተከታተለ ሰው ማክስ ለምን 96 ኪሎ ወርቅ ለአንድ ሞኝ እንደሚከፍል አይገባውም።

ጋባንን ከዚህ ፊልም ብቻ መገመትም ያሳስታል። በ1930ዎቹ የፈረንሳይ ሲኒማ ትልቁ ፊት እሱ ነበር። በ1937 በዣን ሬኗር «ታላቁ ቅዠት» ሲጫወት የሬኗር ረዳት የነበረው ይኸው ቤከር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጋባን ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ቆይቶ ከነጻዋ ፈረንሳይ ጦር ጋር ታንክ ላይ ሆኖ ተዋጋ። ሲመለስ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር፤ ተመልካቹም ቀዝቅዞ ጠበቀው። ከዓመታት በኋላ ዝናውን የመለሰለት «ግሪዝቢ» ነው፤ በ1954 በቬኒስ ፌስቲቫል በተዋናይነት ሲሸለም አንዱ ምክንያት ይህ ሚና ነበር። እንግዲህ ማክስ «በቃኝ፣ ልተኛ» ሲል ድካሙን የሚናገረው ገጸ ባሕርዩ ብቻ አይደለም። ከፊቱ የቆመውን አንጄሎንም ልብ በሉት። የሚጫወተው ሊኖ ቬንቱራ የትግል ስፖርተኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። እጁን አያወናጭፍም፣ ፊቱን አይለዋውጥም። ዝም ብሎ ይቆማል፤ ጋባንን የሚያህል ሰው ፊት እንዲህ ቆሞ ቦታውን አለመልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ድክመቱ። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት ጥፊዎቹን በዝምታ ማለፍ ነው። ማክስ ሴቶችን በጥፊ ይመታል። ፊልሙ ይህን እንደ ጥፋት አያየውም፤ ከሚያምር ልብሱና ከእርጋታው ጋር እንደ አንድ የጨዋነቱ ምልክት አድርጎ ያቀርበዋል። «ዘመኑ ነው» የሚለው መልስ አይበቃኝም። ዘመኑ ቢሆንም ቤከር ለሁለት ሰዎች ማዕድ ያን ያህል ትዕግሥት ያለው ዳይሬክተር ነው፤ ለጆዚ ግን አንድ ደቂቃ አልሰጣትም። ሪቶንን ለምን ተወችው? አንጄሎን ትወደዋለች ወይስ ትፈራዋለች? ዣን ሞሮ ገና ዝነኛ ሳትሆን የተጫወተችው ይህ ሚና ምስጢር ከማውጣትና ጥፊ ከመቅመስ ያለፈ ነገር የለውም። የማክስ ወዳጅ ቤቲም ከጌጥነት አታልፍም። ይህ ጉድለት ትንሽ አይደለም፤ ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው በጆዚ ውሳኔ ሆኖ ሳለ የውሳኔዋን ምክንያት አናውቅም።

ማክስን ደግ፣ አንጄሎን ክፉ አድርጎ መደምደምም ችኮላ ነው። አንጄሎ አደንዛዥ ዕፅ ይነግዳል፣ ማክስ አይነግድም፤ ፊልሙም ይህን ልዩነት እንድናከብር ይገፋፋናል። ይሁን እንጂ ከአንጄሎ ሰዎች አንዱ ምድር ቤት ውስጥ ታስሮ ሲደበደብ፣ የሚያስደበድቡት ማክስና ጓደኞቹ ናቸው። ቤከር ይህን ማሳየቱን አደንቃለሁ፤ ቶሎ አልፎት ወደ ማክስ ሞገስ መመለሱን ግን አልወድለትም።

የትርጉም ጽሑፉ ብቻ ላይ ዓይንን መትከል ትንሽ ስህተት ነው፣ ግን ያስከፍላል። የአልቤር ሲሞናን ልቦለድ የታወቀው በፓሪስ ወሮበሎች ቋንቋ ነው፤ ያ ቋንቋ በትርጉም ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። የማይጠፋው የሙዚቃው ደራሲ የዣን ዊኔር የሐርሞኒካ ዜማ ነው። ማክስ ደጋግሞ የሚያስከፍተው ያ ዜማ ንግግሩ የማይነግረንን ይነግረናል፤ ጆሮ ስጡት።

በመጨረሻው ላይ በጨለማ መንገድ የሚካሄደውን ውጊያ፣ የእጅ ቦምቡንና ከመኪናው ጋር የሚቃጠለውን ወርቅ የፊልሙ ቁንጮ አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ውጊያው በደንብ ተሠርቷል፣ ነገር ግን ያን ዓይነቱን ሌሎችም ይሠሩታል። እንደ ቤከር እራት የሠራ ግን አላየሁም። የሌላውን ፈረንሳዊ ዳይሬክተር የዣን ፒየር ሜልቪልን የወሮበላ ፊልሞች ለማየት ያሰባችሁ ከሆነ ደግሞ «ግሪዝቢ»ን አስቀድሙ። የሜልቪል «ቦብ ለ ፍላምበር» በ1956፣ «ለ ሳሙራይ» በ1967 የመጡ ናቸው፤ የእነሱን ቅዝቃዜ ለምዶ ወደ ቤከር የሚመለስ ሰው የማክስን ቤት ሙቀት እንደ ድክመት ይቆጥረዋል።